ፒንግ ካልመለሰ ገመድ ለመንቀል አትቸኩሉ

ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ግማሽ ቀን ገመድ ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ። ፋይል ለማሻገር ብዬ ከአሮጌው ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ወደ አዲሱ 2019 ፒንግ (አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ትእዛዝ) ባደርግ መልስ የለም። ስዊች (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበትን ሳጥን) ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! ለካ ፒንጉን የዘጋው የአዲሱ ሰርቨር ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው ፕሮግራም) ነው።

እናንተ ግን መጀመሪያ ከአሮጌው ላይ በቴልኔት (እዚህ ግንኙነት መኖሩን ለመሞከር በምንጠቀምበት ትእዛዝ) የአዲሱን አይፒ አድራሻና ፖርት 445 (ፋይል መጋሪያው የሚያልፍበትን በር) ሞክሩ። ስክሪኑ ጠቁሮ ባዶ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ያኔ ችግሩ አለመግባባት ነው፦ 2003 የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1ን (አሮጌውን የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ቋንቋ) ብቻ ነው፤ 2019 ላይ ደግሞ ካልጫናችሁት የለም። መጫኑን እኔ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው። ፋይሉን ለጊዜው በኤፍቲፒ (በሌላ የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ) አሻግሩት።