አዲስ የባሕር ውኃ አኳሪየም፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱና ወደ መፍትሄው

የኮራል አኳሪየም ሲጀመር ከሚያጋጥሙት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከውኃው ነው። ስለዚህ ከሚከተሉት መፍትሄዎች አንዱንም ከመሞከርዎ በፊት የሙቀቱን፣ የጨዉን፣ የአሞኒያውን፣ የናይትሬቱንና የአልካላይኒቲውን (ውኃው አሲድነትን የሚቋቋምበትን አቅም) መጠን ይለኩ። ሳይለኩ ጠርሙስ እየከፈቱ መድኃኒት መጨመር፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም በሽታ የበለጠ ገንዳ ያጠፋል።

ውኃው ደፈረሰ

ገንዳው በተሞላ በመጀመሪያው ቀን ከሆነ የአሸዋው ብናኝ ነው፤ እስኪረጋ ይተዉት። ከቀናት በኋላ እንደ ወተት ከነጣ ግን ባክቴሪያዎች በብዛት ተራብተዋል ማለት ነው። እነርሱም ኦክስጅን ስለሚሻሙ ፓምፑን የውኃውን ገጽ እንዲያናውጥ አድርገው ያዙሩት፣ ምግብም ይቀንሱ። ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠራል።

ዓሣው ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል

በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አሞኒያ ነው። ከዓሣው እዳሪና ከተረፈው ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጠዋል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ ተረጋግተው እስኪበዙ ድረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል። የባሕር ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከፍ ብሎ 8.2 አካባቢ በመሆኑ አሞኒያው በአብዛኛው የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ከሚቀመጥበት ገንዳ ይልቅ እዚህ የበለጠ መርዛማ ነው።

ዓሣ አስቀድሞ ከገባ ከውኃው ከሩብ እስከ ግማሽ ያህሉን፣ ሙቀቱና ጨዉ ከገንዳው ጋር በተስተካከለ አዲስ ውኃ ይቀይሩ፣ ምግብም ለጊዜው ያቁሙ። ገና ካልገባ ደግሞ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት እስኪታይ ድረስ አያስገቡ።

አሞኒያው ዜሮ ሆኖ ዓሣው አሁንም የሚያለከልክ ከሆነ ጉድለቱ የኦክስጅን ሊሆን ይችላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በውኃ የሚሟሟው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚሟሟው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ስለሚቆም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስቀድሞ ማዘጋጀት ግድ ነው።

ገና የተበጠበጠው የጨው ውኃ ራሱ አሞኒያ ያሳያል

ይህ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቧንቧው ውኃ በክሎራሚን፣ ማለትም በክሎሪንና በአሞኒያ ውሕድ፣ የታከመ መሆኑ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሠራበት ይኸው ነው። እንደ ክሎሪን ውኃውን አሳድሮ ማስወጣት አይቻልም። መፍትሄው ለክሎራሚን የተዘጋጀ የከሰል ማጣሪያ ያለው አር ኦ ዲ አይ፣ ማለትም ውኃን በስስ ገለፈትና በሬዚን (የተሟሟን ነገር በሚይዙ ጥቃቅን እንክብሎች) የሚያጠራ፣ መሣሪያ ነው፤ ከሰሉ ውሕዱን ይለያየዋል፣ የቀረውን አሞኒያ የመጨረሻው ሬዚን ይይዘዋል።

አሸዋው ቡናማ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ለበሰ

ቀለሙን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በእጅ ሲነካ የሚበተን ቡናማ ዱቄት ዳያቶም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፤ የሚያድግበት ሲሊኬት የተባለው ማዕድን ሲያልቅበት ስለሚጠፋ ብዙም አያስጨንቅም። አረንጓዴ ፀጉር የሚመስለው አልጌ የትርፍ ናይትሬትና ፎስፌት ምልክት ስለሆነ በእጅ እየነቀሉ ምግቡን መቀነስ ነው። እንደ ጨርቅ ተገፎ የሚነሣው ቀይ ሽፋን ሳያኖባክቴሪያ ሲሆን የውኃ እንቅስቃሴ በሚደክምበት ጥግ ይበረታል፤ በቱቦ ስበው ያውጡትና ፓምፑን ወደዚያ ያዙሩት።

አስቸጋሪው ግን አረፋ ያዘለ፣ እንደ ንፍጥ የሚለጠጥ ቡናማ ክር ነው። ይህ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት ፈጽሞ ዜሮ ሲሆኑ ነው፤ ስለዚህ ገንዳውን ይበልጥ ለማጽዳት ውኃ ደጋግሞ መቀየር ያባብሰዋል። እንዲያውም ምግብ ጥቂት ጨምሮ ሁለቱን ከዜሮ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ጨዉ በየቀኑ ይጨምራል

ውኃ ሲተን ጨዉ አይተንም። የጎደለውን በንጹሕ ውኃ እንጂ በጨው ውኃ አይሙሉ፣ መለኪያውም 35 ግራም በኪሎ ላይ ይጽና። ቀይ ባሕር 40 ገደማ ይደርሳል፤ ይህ ግን በገበያ የሚገኙት ኮራሎች በአብዛኛው ከሌላ ባሕር ስለሚመጡ እኛን አይመለከተንም።

ኮራሉ ነጣ

ሥጋው ሳይነሣ ቀለሙ ብቻ ከጠፋ፣ በውስጡ የሚኖሩትና የሚመግቡት ጥቃቅን አልጌዎች ወጥተዋል ማለት ነው፤ ምክንያቱም የበዛ ብርሃን ወይም ሙቀት ነው። የመብራቱን ኃይል ቀንሰው፣ ኮራሉን ወደ ታች አውርደው፣ ብርሃኑን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ ይመልሱ፤ ሙቀቱንም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ያቆዩ። ሥጋው ከሥሩ እየተላጠ ነጭ አጥንት ከታየ ግን አስቀድሞ የሚመረመረው የአልካላይኒቲ መዋዠቅ ነው። ከ7 እስከ 11 ዲኬኤች (የአልካላይኒቲ መለኪያ) ባለው ክልል ውስጥ አንዱን ቁጥር ይምረጡና ያጽኑ፤ ማስተካከል ካስፈለገም በአንድ ቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አይለውጡ።