የደረቀ አበባና ሣር የበጋ ግቢን እንዴት ያሳምራል?

ኅዳር ሲገባ ሐረር ውስጥ ብዙ ሰው ግቢውን መመንጠር ይጀምራል። አደይ አበባው ጠውልጓል። ሰንበሌጡ ገርጥቷል። ማጭድ ይነሳና ሁሉም ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ በልግ ዝናብ የሚታየው ባዶ አፈርና አቧራ ነው። እኔ ማጭዱን ካቆየሁት ወዲህ ግቢዬን አብልጬ የምወደው በበጋ ሆኗል። እናንተም ሞክሩት።

መጀመሪያ የሞተውን ከተኛው ለዩ። አደይ አበባ ዘሩን ጥሎ ያልፋል፤ ለከርሞ የሚበቅለው አፈሩ ላይ የወደቀው ዘር ነው። ሰንበሌጥና ስንደዶ ግን ቅጠላቸው ቢደርቅም ሥራቸው ሕያው ነው፤ ያላቸውን ጉልበት ወደ ሥር ሰብስበው ዝናብ ይጠብቃሉ። በቀዝቃዛ አገሮች ተክልን የሚያስተኛው ብርድ ነው። እኛ ጋ በአብዛኛው የውኃ እጦት ነው። ስለዚህ ደረቁ ብላችሁ አትንቀሏቸው።

ፈረምሲሳ ለሚባለው አረም ግን አትራሩለት። ድሬዳዋና ሐረር የኖረ ሰው ያን ጥቃቅን ነጭ አበባ ያለውን አረም አያጣውም። አንዱ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ዘር ሳይበትን ከነሥሩ ንቀሉት። ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል። አስም ያለበት ሰው ባይጠጋው ይሻላል።

ቀጥሎ የምትቀመጡበትን ቦታ ምረጡ። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው። የደረቀ ሣር እኩለ ቀን ላይ ሲያዩት ገለባ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጀርባው ስትመጣ፣ የስንደዶው ጭራ በሙሉ ያበራል። ስለዚህ ዱካችሁን ሣሩ በእናንተና በፀሐይዋ መካከል እንዲሆን አድርጋችሁ አስቀምጡ። ራስ ክምር ካላችሁ ደግሞ ኖራ የተቀባ ግንብ ከጀርባው ይሁን። ብርቱካናማ አበባው ሲረግፍ ክብ ክብ ቋጠሮው አገዳው ላይ እንደ ዶቃ ተሰክቶ ይቀራል፤ ነጭ ግንብ ላይ ጥላው ሲያርፍ ሥዕል ነው። ወፎችም ለዘሩ ይመጣሉ። ቡናዬን ይዤ እነሱን ሳይ ስንት ጠዋት አልፏል!

መጀመሪያ ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ «ምነው ልጄ፣ ግቢውን አረም ዋጠው እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ዳር ድንበሩ አይለይም ነበር። መንገዱን ጠረግኩ፣ ሰርዶውን አሳጠርኩ፣ ዳሩን በድንጋይ ከለልኩ። ያን ጊዜ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑ ታየ። እናንተም ይህን አትዝለሉ።

ደረቅ ሣር እሳት ይወዳል። ከማዕድ ቤትና ከሰል ከሚቀጣጠልበት ቦታ ራቅ ይበል። ቤት ግድግዳ ሥርም አታስጠጉት፣ አይጥ ይደበቅበታል።

የአደይ ዘር ለመያዝ ከፈለጋችሁ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ለቅማችሁ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡ። ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

ማጨዱ የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ይሁን። እስከ አፈሩ አትውረዱ፤ አንድ ስንዝር ያህል አስቀሩ። ያጨዳችሁትን ለጉዝጓዝ አፈሩ ላይ በትኑት። ከዚያ የቀረውን ጉቶ በጣታችሁ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ከገለባው መካከል እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ ይሆናል።