ዝናብ ሳይዘንብ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ፦ የጋራዥና የስቶር እርጥበት ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መንዝ ወይም ጣርማበር በግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ጋራዥ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ጥቅምት ገብቷል፣ ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ግን መኪናው ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ወለሉ ረጥቧል፣ ካርቶኑ ለስልሷል። ብዙ ሰው ወዲያው ቆርቆሮ ሠሪ ይጠራል። ሚስማር ይቀየራል፣ ቀዳዳ ይፈለጋል፣ ሬንጅ ይቀባል። ገንዘቡ ይወጣል፣ በማግስቱ ጠዋት ያው ነው።

እርጥበት መግቢያው ሦስት ነው። ከላይ ያፈሳል፣ ከመሬት ይመጣል፣ አለዚያም አየሩ ራሱ ይዞት ይገባል። ለአንዱ የሚሆነው መፍትሄ ለሌላው አይሆንም፣ አንዳንዴ እንዲያውም ያባብሰዋል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደመጣ ለዩ። መለየቱ ምንም አያስወጣም።

የምጽፈው ለደጋው ነው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ከጣሪያው ጣጣ አብዛኛውን ተገላግላችኋል፤ የወለሉና የግድግዳው ነገር ግን እናንተንም ይመለከታል።

ምልክት፦ ጣሪያው ከውስጥ ያንጠባጥባል፣ ዝናብ ግን የለም

ጠዋት ማልዳችሁ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳትመታው ግቡና ባትሪ ወደ ላይ አብሩ። ውሃው በሚስማር ዙሪያ ወይም ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በተደራረበበት ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ያ ማፍሰስ ነው፤ ሠሪ ጥሩ። ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ጠብታ ተሸፍኖ፣ ጣታችሁን ስትጎትቱበት መስመር ካወጣ ግን ቆርቆሮው አልቦታል። ወለሉንም እዩት። ላብ የሆነው ውሃ በቆርቆሮው ሸንተረር እየተንሸራተተ ይወርድና ሞራሌው ጋ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ከሞራሌው ትይዩ የሆነ ረጅም የጠብታ መስመር ታገኛላችሁ። የሚያፈስ ጣሪያ እንዲህ ያለ መስመር አይሠራም፣ አንድ ቦታ ኩሬ ይሠራል እንጂ።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። አየር ሲሞቅ ብዙ እንፋሎት ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ መያዝ ያቅተዋል። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ውሃ ይይዛል። በ10 ዲግሪ 9 ግራም ገደማ ነው። በዜሮ ዲግሪ 5 ግራም እንኳን አይሞላም። ትርፉ በአቅራቢያው ያለው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያርፋል፣ ልክ የወጥ ድስት ክዳን ስታነሱ ከውስጥ እንደሚንጠባጠበው።

ታዲያ ለምን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይብሳል? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ በነዚህ ወራት ደመና የለም። ሌሊቱን ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ጥርት ያለው ሰማይ ይለቅቃል፣ በዚያም የተነሳ ከራሱ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። ሣሩ ላይ ውርጭ የሚጥለው ይኸው ነገር ነው። ደመናማ ሌሊት ሲሆን ላቡ ይቀንሳል፤ ይህም አንድ መለያ ይሁናችሁ። የአያቶቻችን ሣር ቤት ይህን ችግር አያውቀውም ነበር፣ ሣሩ ወፍራም ስለሆነ ከውስጥ በኩል እንዲህ አይቀዘቅዝም። ችግሩ አብሮ የመጣው ከቆርቆሮው ጋር ነው።

መፍትሄውን ምንም ከማያስወጣው እንጀምር። እርጥብ ነገር አታስገቡ። መኪና አጥባችሁ ወዲያው አታስገቡ፤ ውጭ ይንጠፍጠፍ። በክረምት ጭቃ የለበሰ መኪና ብዙ ውሃ ይዞ ይገባል፣ የሞተሩ ሙቀት ደግሞ ያንን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። እርጥብ ማገዶ፣ ያልደረቀ ኩበት፣ የታጠበ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል፣ ሁሉም ሌሊቱን ለጣሪያው ውሃ ያቀብላሉ። በጎች ጋራዥ ውስጥ የሚያሳድር ካለ ደግሞ ሌላ ምክንያት አይፈልግ። ትንፋሻቸው ብቻውን ቆርቆሮውን ለማላብ ይበቃል።

ቀጥሎ አየር ነው። ብርድ የጠላ ሰው ቀዳዳ ይደፍናል፣ በጨርቅ፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ ባገኘው ሁሉ። ለመኝታ ቤት ይሁን። ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ግን ይህ ውሃውን እውስጥ መቆለፍ ነው። የሚያስፈልገው ከታች አንድ፣ ከላይ ደግሞ በተቃራኒው ግድግዳ ጣሪያው ሥር አንድ ክፍት ቦታ ነው። 4 በ6 ሜትር ለሆነ ጋራዥ በድምሩ 40 በ40 ሳንቲሜትር የሚሆን ክፍት ጥሩ መነሻ ነው። አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። «ብርዱስ?» ትሉኛላችሁ። ቀዝቃዛ አየር ደረቅ ነው፤ በ5 ዲግሪ ጢም ብሎ እርጥበት የያዘ አየር ገብቶ 15 ዲግሪ ሲሞቅ፣ መያዝ ከሚችለው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ የሚያደርቃችሁ እሱ ነው።

ሰዓቱን ግን ምረጡ። በበጋ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ጉም በወረደ ቀን፣ በተለይ ጣርማበርና አንኮበር ጉሙ እስከ ደጃፍ ሲደርስ፣ ዝጉ፤ ያኔ የምታስገቡት ውሃ ነው። በክረምት ዝናቡ አባርቶ ሞቅ ሲል ከፍታችሁት የሊሾው ፊት መርጠብ ከጀመረም ዝጉት፣ እርጥቡ አየር ቀዝቃዛው ወለል ላይ እያረፈ ነው ማለት ነው።

ገንዘብ የሚጠይቀው ኮርኒሱ ነው። የአየሩና የእርጥብ ዕቃው ነገር ተስተካክሎ ጠብታው ካልቆመ፣ ከቆርቆሮው ሥር ፎም ወይም ችፑድ ማስመታት ያዋጣል፤ ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ እንዳይነካ ያደርጋል። እዚህ ላይ ሠሪዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ኮርኒሱ ክፍተት ሊኖረው አይገባም፣ ከላዩ ያለው ባዶ ቦታ ግን በጣሪያው ጠርዝ በኩል አየር ማግኘት አለበት። ክፍተት ካለው እንፋሎቱ ሾልኮ ወጥቶ ከላይ ያልባል፣ እናንተ ሳታዩት ሞራሌው ይበሰብሳል።

ምልክት፦ ወለሉ ይረጥባል፣ ጣሪያው ግን ደረቅ ነው

አንድ ሜትር ስኩዌር የሚሆን ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፉ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቁ፣ አየር እንዳይገባ። ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተዉት። ስታነሱት ከታች በኩል ከረጠበ ውሃው ከመሬት እየመጣ ነው። ከላይ በኩል ከረጠበ ከአየሩ ነው፣ ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመለሱ።

ከመሬት ከሆነ መጀመሪያ ወደ ውጭ ውጡና ጣሪያው ውሃውን የት እንደሚጥለው እዩ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 24 ካሬ የሆነ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 720 ሊትር ይወርዳል፣ 36 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ መሠረታችሁ ሥር ይደፋል! አካባቢው ዋልካ መሬት ከሆነ ደግሞ ውሃው ቶሎ አይሰርግም፣ ለቀናት እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ከወለል ቀለም በፊት አሸንዳ። አሸንዳው የሚያወርደው ውሃ ከግድግዳው ርቆ ይፍሰስ፣ የግቢው መሬትም ከግድግዳው ወደ ውጭ ያዘንብል። ከዳገት በኩል ደግሞ ጎርፉን የሚቆርጥ ቦይ ቆፍሩ።

ምልክት፦ የግድግዳው ግርጌ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል

ውሃ ከመሬት በብሎኬቱ ወይም በድንጋዩ ውስጥ ወደ ላይ እየሳበ ነው። ነጩ ዱቄት ውሃው ይዞት መጥቶ ሲተን ትቶት የሄደው ጨው ነው። ብዙ ጊዜ ከውጭ በኩል አፈር ወይም ፍግ ግድግዳው ላይ ተቆልሎ ታገኙታላችሁ። ከወለሉ ደረጃ በታች እስኪሆን ጥረጉት። ዘይት ቀለም በርጥብ ግድግዳ ላይ አትቀቡ፣ ፊኛ አውጥቶ ይላጣል። የጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን መምታትም እንዲሁ ነው፤ ውሃው መውጫ አጥቶ ጭቃውን ከውስጥ ይበላዋል። ኖራ ቀቡት፣ ግድግዳው ይተንፍስ።

ምልክት፦ ቤቱ ደህና ይመስላል፣ ዕቃው ግን ይዝጋል፣ ይሻግታል

መኪናውን በላስቲክ ሸራ አትሸፍኑ፣ ከሥሩ ያልባል። ከአቧራ ለመጠበቅ ከሆነ አቡጀዲ ይበቃል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና ከሆነ የእጅ ፍሬን አትያዙ፣ በእርጥበት ዝጎ ይጣበቃል፤ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ማጭድና ማረሻ ዘይት ባለው ጨርቅ ይጠረግ። ሲሚንቶ ካላችሁ ርብራብ ላይ ይቀመጥ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል፣ ከግድግዳው ደግሞ ከዚያ በላይ ይራቅ። ግድግዳ የተደገፈ ከረጢት በዚያው በኩል ይጠጥራል።

እህሉ የበለጠ ያሳስበኛል። ጋራዡን ለገብስና ለባቄላ ማስቀመጫም የሚያደርገው ሰው ብዙ ነው፣ ያልደረቀ እህል ደግሞ ቤቱንም ያረጥባል፣ ራሱም ይሻግታል። የሻገተ እህል መርዝ ሊያፈራ ይችላል፣ ቢታጠብም ቢቀቀልም መርዙ አይወጣም። ከመክተታችሁ በፊት በጨው ፈትኑት። በደንብ የደረቀ የመስታወት ጠርሙስ ውሰዱ፣ ሲሶውን እህል ሙሉት፣ ጥቂት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ። ክደኑትና ለአንድ ደቂቃ ያህል ነቅንቁት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው፣ ፀሐይ ላይ መልሱት። ካልተጣበቀ መክተት ይቻላል።

ከሰል ለማድረቅ? በፍጹም

ይህን የምጽፈው ሰው እንዳይሞት ነው። ብርዱ ሲጠና ከሰል አቀጣጥሎ ጋራዥ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም ሞተር አስነስቶ በሩን መዝጋት የሚያደርግ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ሰው ራሱን ሳያውቅ ይገድላል። በር ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። የነጭ ጋዝ ምድጃም ቢሆን አያደርቅላችሁም፤ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲነድ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ቤቱ ውስጥ ይለቅቃል። እሳቱ ሲጠፋ ያ ሁሉ ወደ ጣሪያው ይሄዳል።

ገና ለምትሠሩ

ወለሉን ከማፍሰሳችሁ በፊት ድንጋዩንና ጠጠሩን ጠቅጥቁ፣ ጠጠሩ ላስቲኩን እንዳይበሳው ስስ አሸዋ አልብሱት፣ ከዚያ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ። መደራረቢያው አንድ ክንድ ያህል ይሁን። ከጠቅላላው ወጪ ኢምንት ነው፣ በኋላ ግን በምንም ገንዘብ ከኮንክሪት ሥር አይገባም። አዲስ ኮንክሪት ደግሞ ራሱ ውሃ ነው፤ በጥሩ አየር እንኳን በወር 2 ሳንቲሜትር ተኩል ቢደርቅ ነው። መስከረም ላይ የፈሰሰ 10 ሳንቲሜትር ወለል ጥር ሳይገባ ካርቶንም እህልም አታስቀምጡበት።