የዶሮ ጨጓራ እንዴት ይጸዳል
በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ መበለቱ የእኔ ድርሻ ነው። ብዙ ሰው ጨጓራውን ከአንጀቱ ጋር ይጥለዋል፤ እኔ አልጥልም። መጀመሪያ አንገቷ ሥር ያለችውን የእህል ከረጢት ሳትቀዱ አውጡ፤ ከተቀደደች የራሰው በቆሎ ሥጋው ላይ ይበተናል። ቀጥሎ ሁለት ጨጓራ ታገኛላችሁ። ቀጭኑ አሲድ አመንጪው ነው። ወፍራሙና ጠንካራው ግን ጥርስ ለሌላት ዶሮ ወፍጮዋ ነው፤ ከዋጠችው ጠጠር ጋር እህሉን የሚያደቀው እሱ ነው። በጠርዙ በኩል ሰንጥቁትና ጠጠሩን አራግፉ (እኔ አንዴ የጠርሙስ ስባሪ አግኝቼበታለሁ፤ ጣታችሁን ዝም ብላችሁ አትክተቱ)። ውስጡን የሸፈነውን ቢጫ ሻካራ ቆዳ ከአንድ ጥግ በጥፍር አንስታችሁ ላጡት። ከዚያ በሎሚና በጨው እሹት። ድፍን ጡንቻ ስለሆነ ቶሎ አይበስልም፤ ከሌላው ብልት ቀድሞ ቁሌቱ ውስጥ ይግባ።