ረቡዕና ዓርብን እየጾሙ ከትዕቢት መጠበቅ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 በምሳሌ የቀረበው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም ነበር። እኛም ረቡዕና ዓርብን የምንጾም እንደ መሆናችን ምሳሌው ለሌላ ወገን የተነገረ ሊመስለን አይገባም። ሰውየውን የጣለው ጾሙ ሳይሆን በጾሙ ላይ ቆሞ አብሮት ሊጸልይ የመጣውን ቀራጭ (ግብር ሰብሳቢ) ዝቅ አድርጎ ማየቱ ነው። ስለዚህ ትሕትናን ለመለማመድ የሚፈልግ ክርስቲያን ኃጢአቱን ብቻ ሳይሆን መልካም የሚለውን ሥራውንም መመርመር ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ከጾሙ፣ ከጸሎቱና ከምጽዋቱ ቢያንስ አንዱን ማንም እንዳያውቅበት ይሸሽገው። ለችግረኛ የሚሰጠውን በሌላ ሰው እጅ ያድርስ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነም ሳይጠየቅ አያውራው። ለመናገር ልቡ የተጣደፈበትን ቅጽበት ልብ ይበል፤ ውዳሴ ከንቱ የሚገባው በዚያ በኩል ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ተግሣጽን መቀበል ነው። ብዙዎቻችን «እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» ለማለት አንቸገርም፤ ያንኑ ቃል ሌላ ሰው ሲለን ግን ፊታችን ይለወጣል፤ ይልቁንም ተናጋሪው ልጃችን ወይም በሥራ የበታቻችን ከሆነ ነገሩ ይብስብናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰውየው እስኪጨርስ ድረስ «እኔ እኮ» ብሎ አለማቋረጥ፣ መልሱንም ለዚያ ቀን ማቆየት፣ ማታ ከጸሎት በኋላ ከተባለው ውስጥ እውነት የሆነውን ለይቶ መያዝ ይገባል። ለንስሐ አባት ሲናዘዙም «ትዕቢተኛ ነኝ» ብሎ ማለፍ በቂ አይመስለኝም፤ ማንን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደናቁ ዘርዝሮ መናገር እጅግ ያሳፍራል፣ የሚፈውሰውም እርሱ ነው።

ይቅርታም እንዲሁ ነው። «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» የሚለው አነጋገር ጥፋቱን አጠራጣሪ አድርጎ ይተወዋል። «እንዲህ ብዬ በመናገሬ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» ማለት ግን ማምለጫ አያስቀርም።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የምናስበው ሥርዓት ሁለት ነገር ያስተምራል። ጌታ የይሁዳንም እግር አጥቧልና የበደለንን ሰው ማገልገል ከልምምዱ ውጭ አይደለም። ጴጥሮስ ደግሞ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ብሎ ነበር፤ ሌላውን መርዳት እየወደደ እርሱ ሲረዳ የሚያፍር ሰው በዚህ ራሱን ይመልከት፣ ሲታመምና ሲቸገርም የወንድሞቹን እጅ አይግፋ።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት፤ ትሕትና ግፍን ትክክል ነው ብሎ መቀበል አይደለም። ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል፤ መልሶ ግን አልመታም። በቤቱ ወይም በሥራው የሚበደል ሰው በደሉን ለሚመለከተው ይናገር፤ ሲናገርም የበዳዩን ክብር ለመንካት የመጣለትን ተጨማሪ ቃል ይተወው።