ስልካችን ላይ የሚመጣ ወሬ፦ ጅማ ላይ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

በፊት ጅማ ወሬ የሚገባው በሬዲዮ፣ በሹፌር ወይም ከአዲስ አበባ በሚመጣ ነጋዴ ነበር። ይዘገያል፤ ግን በመንገዱ ላይ የሚያጣራው ሰው አያጣም። ዛሬ ሳዑዲ ያለች እህት በኢሞ፣ የኒውዮርክ ገበያ በቴሌግራም፣ ዋሽንግተን ያለ ተንታኝ በዩቲዩብ እኩል ኪሳችን ይገባሉ። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የማጣራቱ ሥራ ግን እኛው ላይ ወድቋል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ይመስለኛል።

የኒውዮርክን የቡና ዋጋ እንደራስ ዋጋ ማየት

የቡና ለቀማ ሲደርስ የቡና ሰው ሁሉ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። አንድ ቻናል "አራቢካ 4 ዶላር ገባ" ብሎ ይለጥፋል። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ይዞ አልሸጥም ይላል። አቅራቢው ደግሞ ተበድሮ ይገዛል። ሁለቱም ሊጎዱ ይችላሉ።

ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት የምን ዋጋ እንደሆነ ነው። የኒውዮርኩ ዋጋ ለታጠበና ለተፈለፈለ አራቢካ ነው። ቡናው በሚቀጥሉት ወራት አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባለ መጋዘን የሚረከቡት ነው። የሚነገረውም በፓውንድ ነው፤ አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፣ 454 ግራም ገደማ ነው። እኛ የምንነግደው በኪሎና በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በእጃችን ያለው ደግሞ ጀንፈል ነው። አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማውጣት ሁለት ኪሎ ገደማ ጀንፈል ያስፈልጋል፤ እሸት፣ ማለትም ገና የተለቀመ ቀይ ፍሬ፣ ከሆነ ከ5 እስከ 6 ኪሎ። በዚያ ላይ የመፈልፈያው፣ የማጓጓዣው፣ የላኪው ድርሻ አለ። ምንዛሪውም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን የብር ሒሳቡ ባለበት አይቆምም።

ቀኑንም እዩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ኒውዮርክ ላይ የአራቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከ3 ዶላር በታች ወርዷል። የየካቲቱን ስክሪንሾት በሐምሌ ያየ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ገምቱ። ቀን የሌለው ስክሪንሾት ከመጣላችሁ ተዉት። አገር ውስጥ ያለውን ዋጋ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ፤ ከዚያ ወስኑ።

"ሦስት ቦታ ሰማሁት" ብሎ ማመን

ይሄኛው ብልጥ የሚባለውን ሰው ሳይቀር ያታልላል። ቲክቶክ ላይ አየሁት፣ ዩቲዩብ ላይ ሰማሁት፣ ግሩፕ ላይም መጣ፤ ስለዚህ እውነት ነው እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ሦስቱም ምንጫቸው አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ነው። አንዱ ጽፎ፣ ሌላው አንብቦ በቪዲዮ አወራው፣ ሦስተኛው ቪዲዮውን ቆርጦ ለጠፈው። የአንድ ሰው ወሬ ነው የዞረው።

ስለዚህ ስንት ቦታ ሰማሁት ከማለት መጀመሪያ ማን ተናገረው፣ እዚያ ቦታ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ፎቶ ከሆነ ፎቶው ከዚህ በፊት የት እንደወጣ በሚፈልገው ጉግል ሌንስ ላይ አስገቡት። ከዓመታት በፊት የወጣ፣ አንዳንዴም የሌላ አገር ፎቶ ሆኖ ይገኛል። የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩንም አትርሱ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል።

የከተማውን ሬዲዮ መተው

ውሃ የት ሰፈር እንደጠፋ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ የሚነግራችሁ የውጭ አገር ቻናል የለም። የራሳችን ሬዲዮዎች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ያወራሉ። ጋዜጠኛው እዚሁ ነው፤ ቢሳሳት ደውለን አርም እንለዋለን። ዋሽንግተን ላለው ሰው ግን እንዲህ ማለት አንችልም። ሁለቱንም ስሙ፤ ለቅርቡ ጉዳይ ግን የቅርቡን አስቀድሙ።

መርዶን በፌስቡክ ማርዳት

ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው። በአገራችን መርዶ ወግ አለው። ሰው ይመረጣል፣ ማለዳ ይኬዳል፣ ልብ ድካም ያለበት ካለ አስቀድሞ ይታሰብበታል። ጅማ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይህን ያውቃል። ስልኩ ግን ከሽማግሌው ቀድሞ ይደርሳል።

አባት ጠዋት ያርፋሉ። ገና ሳይቀበሩ የጎረቤት ልጅ ፎቷቸውን "ነፍስ ይማር" ወይም "ኢና ሊላሂ" ብሎ ይለጥፋል። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ልብስ እየተኮሰች ስልኳን ታያለች። አጠገቧ የሚይዛት ዘመድ የለም። ጩኸቷን የሰሙት አሠሪዎቿ ምን እንደሆነች አይገባቸውም። ወደ ቤት ስትደውል ደግሞ ለቅሶ ላይ ስለሆኑ ስልክ የሚያነሳ አይኖርም።

የለጠፈው ልጅ ክፉ አላሰበም፤ ሟቹን ያከበረ መስሎት ነው። ግን ቤተሰቡ ራሱ እስኪያሳውቅ ድረስ ምንም አትለጥፉ። ፕሮፋይልን ወደ ሻማ መቀየርም ያው መርዶ ነው። ውጭ ላለ ልጅ መንገር ሲያስፈልግ መጀመሪያ እዚያው አገር ያለ ጓደኛ ወይም የአገር ልጅ ፈልጉ። ለእሱ ንገሩት፤ ሄዶ አጠገቡ ሆኖ ይንገረው። በስልክ ብቻ ከሆነም ሥራውን ጨርሶ ቤቱ እስኪገባ ጠብቁ።

ኮድ ለሰው መስጠት

እናት ስልክ ላይ ከልጇ ቴሌግራም መልእክት ይመጣል፦ "እማዬ፣ የኔ ኮድ በስህተት አንቺ ጋ ገብቷል፣ ቶሎ ላኪልኝ።" ስሙም ፎቶውም የልጇ ነው። የጻፈው ግን የልጇን አካውንት የሰረቀ ሰው ነው። ያ አምስት አኃዝ ኮድ የእናትየው የራሷ አካውንት ቁልፍ ነው። ከላከች ሌባው የእሷንም አካውንት ይከፍታል፤ በእሷ ስም ለዘመድ ሁሉ "ችግር ገጥሞኝ ነው፣ በቴሌብር አበድሩኝ" ማለት ይጀምራል። ብሩ በሰከንድ ይሄዳል።

ኮድ ለልጅም፣ ለባልም፣ ለማንም አይሰጥም። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ በመደበኛው ስልክ ደውሉ። ድምፅም በማሽን ይመሰላል፤ ከተጠራጠራችሁ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ጠይቁ። ዛሬውኑ የወላጆቻችሁን ስልክ ያዙና ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ግቡ። ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን አብሩላቸው። የይለፍ ቃሉን ቤት ባለ ደብተር ጻፉት። ኮዱ ከተላከ በኋላ ከደረሳችሁም ቶሎ ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስን ክፈቱና የማታውቁትን ስልክ አስወጡ። ሌባው አዲስ ስለገባ በመጀመሪያው 24 ሰዓት እናንተን ማስወጣት አይችልም። ከዚያ ለዘመድ ሁሉ ደውላችሁ ብር እንዳይልኩ ንገሯቸው።