ስኳር ድንቹ ቅጠል ብቻ እንዳይሆንባችሁ

ጓሯችሁ ውስጥ ስኳር ድንች ልትተክሉ ካሰባችሁ ፍግ አታብዙበት። ፍግ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን (ቅጠል የሚያበዛው ንጥረ ነገር) ሲበዛ ሐረጉ ግቢውን ይወርሰዋል፤ ሲቆፈር ግን የጣት ውፍረት ያላት ሥር ብቻ ትገኛለች። እሱ የሚወደው ልል አፈርና ጥሩ ፀሐይ ነው።

ለተከላ ከጤነኛ ሐረግ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። የታች ቅጠሎቹን አንሱና ሁለት ሦስተኛውን ቅበሩት። ቢያንስ 3 አንጓ (ቅጠል የሚወጣበት ቋጠሮ) አፈር ውስጥ ይግባ፤ ሥሩ የሚወጣው ከዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠውልጎ መሬት ላይ ልጥፍ ቢል አትደንግጡ፣ ብቻ ውሃ አታቋርጡበት። መደቡን ከፍ አድርጉት፤ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። እስኪደርስ ለጋ ቅጠሉን ቀጠፍ እያደረጋችሁ እንደ ጎመን መሥራት ትችላላችሁ፣ ግን አትግፈፉት።

እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከ3 እስከ 5 ወር ይፈጃል። ስትቆፍሩ ከግንዱ ራቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይላጣል። አፈሩን አራግፉ እንጂ አትጠቡት። ከዚያ ሞቅ ያለ ጥላ ቦታ አንድ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ጭረቱ ይድናል፣ ጣዕሙም በጣም ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይቺን ነው። ጥሬውን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ ቅዝቃዜ ያበላሸዋል።